ለሽማግሌ የቀረበ ጥቁር ማርማላታ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በሁዳዴ ጾም፣ እዚሁ ሱሉልታ፣ በገዛ ቤቴ ነው። አንዲት ጉርሻ የልጄን ትዳር ልታስቀርብኝ ነበርና አንድ ቀን እንኳ ከሐሳቤ ወጥታ አታውቅም። ልርሳት ብልም ባለቤቴ ታደሰ አያስረሳኝም። አዲስ ነገር ሠርቼ ባቀረብኩ ቁጥር ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ ያደርግና "እስቲ መጀመሪያ አንቺ ቅመሽው" ይለኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት ሯጭ ነው።

ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ አለኝ። ጊቢያችን ውስጥ ደግሞ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፤ ለሯጮች ነው የማከራያቸው። ሱሉልታ የሚኖር ሰው እንደሚያውቀው፣ እኛ ብርድ ልብስ ተከናንበን በምንተኛበት ሰዓት እነሱ ሜዳውን ዞረው ጨርሰዋል። አብዛኞቹ የአገራችን ልጆች ናቸው፤ አልፎ አልፎ ግን ፈረንጆችም ይመጣሉ። ኤሚ ከእነሱ አንዷ ነበረች። ከአውስትራሊያ የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ሰላምታ የማይሰለቻት ልጅ ናት። ከገና እስከ ጾሙ መግቢያ ድረስ እኛ ጋ ከረመች።

ኤሚ ጠዋት ከሩጫ ስትመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ዳቦ ትበላለች። ዳቦው ላይ የምትቀባው ከትንሽ ጠርሙስ የሚወጣ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነገር ነበር። የሚገርመው አቀባቧ ነው። በቢላዋ ጫፍ ነካ ታደርግና ዳቦውን ከዳር እስከ ዳር ትፍቀዋለች። ቢላው ያለፈበት እንኳ በደንብ አይታይም።

እኔ ይህን እያየሁ አንጀቴን በላችኝ። "ምን ያህል ውድ ነገር ቢሆን ነው ይቺ ልጅ እንዲህ የምትሰስተው?" አልኳት ለልጄ ለሰላም። ሰላም እንግሊዝኛ ስለምትችል ሄዳ ጠየቀቻትና ተመለሰች።

"ከእርሾ ነው የሚሠራው አለችኝ። ሥጋም ወተትም የለበትም። የጾም ነው፣ እማዬ።"

"ታዲያ እርሾ እንዲህ ይሰሰታል?"

"እኔ እንጃ። አገሯ ሁሉም ሰው ይበላዋል አለችኝ።"

እኔ ባደግኩበት ቤት ዳቦ ላይ ነገር ከተቀባ ይቀባል። እንግዳ መጥቶ ማር ቀቢለት የተባለች ሴት ቢላዋን ብትፍቅ፣ እንግዳው ከሰፈር ሳይወጣ ስሟ ሰፈሩን ያዳርሳል። ስለዚህ የኤሚን ነገር በድህነት ተረጎምኩት። ሩጫው ገና ገንዘብ አላስገኘላትም ብዬ ምሳ ስሠራ ለሷም ጨምሬ መሥራት ጀመርኩ። እሷ ደግሞ የሰጠኋትን ሁሉ እያመሰገነች ትበላለች፤ ጠዋት ግን ተመልሳ ዳቦዋን ትፍቃለች።

አገሯ ልትመለስ የተነሣች ዕለት ሻንጣዋን በር ላይ አቁማ መጣችና አቀፈችኝ። ከዚያ ከኪሷ አንድ ጠርሙስ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች። ያልተከፈተ፣ ሙሉ፣ ክዳኑ ቢጫ። ያ ጥቁር ነገር ነው። ለራሷ ስትፍቅ የከረመችውን ለእኔ ሙሉውን ሰጠችኝ። ሚኒባስ ተሳፍራ እስክትሄድ ድረስ እንባዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር።

እንዲህ ያለ ስጦታ ደግሞ ዝም ተብሎ አይከፈትም። ቡፌ ውስጥ ነው የሚገባው።

ቡፌዬ ውስጥ የሠርጌ ብርጭቆዎች አሉ። የታደሰ እህት ከሰበታ ያመጣችልን ስኒዎች አሉ። ከዱባይ የመጣ፣ ክዳኑ ያልተነካ ሽቶ አለ፤ አሁን ሳስበው ሽታው ሳይለቅ አልቀረም። እዚያ የገባ ነገር የሚወጣው ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ትልቅ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ይህኛው ያን ያህል ትልቅ አይደለም እየተባለ ይታለፋል። ትስቁብኝ ይሆናል፤ ግን የእናንተንም ቡፌ አውቀዋለሁ። ጠርሙሷን ከፊት ለፊት፣ መብራት እንዲያገኛት አድርጌ አስቀመጥኳት።

አሁን ወደ ልጄ ነገር ልምጣ።

ሰላም አንድ ልጃችን ናት። የሚፈልጋት ልጅ ቶሌራ ይባላል፤ የቡራዩ ልጅ ነው። ከወንድሙ ጋር የብረት በርና መስኮት ይሠራል። የተዋወቁትም የጊቢያችንን በር ሲሠራልን ነው። በሩ ተገጥሞ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ሒሳቡ ካለቀ በኋላ ማጠፊያው ይጮኻል እያለ ከቡራዩ እየተመላለሰ ዘይት ያጠጣው ነበር። በሩ ጮኾ አያውቅም። እኔ በሁለተኛው ምልልስ ገባኝ። ታደሰ ግን "ይህ ልጅ ሥራውን አክባሪ ነው" እያለ ከእኔ ጋር ሆኖ ያመሰግነው ነበር። ዘይቱ ለማን እንደሆነ ሲያውቅ ምስጋናውን አቆመ።

ሽማግሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የተላከው ከጥምቀት በፊት ነበር። ታደሰ እንደ ወጉ "ከዘመድ ልማከር" ብሎ ቀጠሮ ሰጠ። ይህ ያለ ነው፤ ማንም አልተቀየመም። በቀጠሮው ቀን ግን ሰውዬው እህቴ ታማለች ብሎ በጠዋት ሰበታ ሄደ። እህቱ ደህና ነበረች። እኩለ ቀን ላይ ደውላ "ታዴ መጥቷል፣ ምን ልሥራለት? ሰሞኑን ምን ይወዳል?" ብላ የጠየቀችኝ እኔን ነው። ሽማግሌዎቹ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ተመለሱ። በኋላ መልእክት ላኩ። በሁዳዴ አንድ እሑድ እንመጣለን፤ ከዚያ በኋላ ግን አንመጣም አሉ።

ታደሰ ክፉ ሰው አይደለም። አንድ ምሽት ራት ላይ ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

"ልጁ ምን ጎደለው?"

"ልጁን አየሁት። ሥራውንም አየሁት፤ በሩ ጥሩ በር ነው። የተገኘበትን ቤት ግን አላውቀውም።"

"ሰዎቹ ደግ ናቸው እየተባለ ነው።"

"ደስ ሲለው ሁሉም ደግ ነው፣ አስኑ። የመረረው ቀን ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ሰላምን ታውቂያታለሽ። መልስ አትሰጥም። ዝም ብላ ነው የምትጎዳው።"

የሰውን ቤት መራራ ቀን ከየት አምጥቼ ላሳየው?

ሰላም ይህን ሁሉ ከጓዳ ትሰማ ነበር። ሳህን ልታነሣ ስትመጣ ዓይኗ ቀልቷል። "አባዬ ካልፈለገ እኔ አላስቸግረውም። ለቶሌራ እንዲተወው እነግረዋለሁ" አለችኝ በጆሮዬ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ልክ አባቷ እንዳለው ዝም ብላ ልትጎዳ መሆኑ ገባኝ።

እሑዱ ደረሰ። ታደሰ የትም እንዳይሄድ ጫማውን ደብቄበት ነበር። አልሄደም፤ ነጠላውን አጣፍቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ግን እንደ ተዘጋ ሱቅ ነበር።

ሦስት ሆነው መጡ። ትልቁ ኦቦ ደበላ ናቸው። ረጅም ሽማግሌ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ የሚያስቀምጡ። የቶሌራ ዘመድ አይደሉም፤ የእናቱ ጎረቤት ናቸው። "አከም ጅርቱ?" ብለው በኦሮምኛ ደህንነታችንን እየጠየቁ ገቡ። "ፈያ፣ ገለቶማ" አልኩና ወንበር ጠቆምኩ። ለወጉ ያህል አንገራገሩና ተቀመጡ።

ያ ጠረጴዛ ለጾም ያምር ነበር። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ ስልጆው። ሰላም በየፊታቸው ውሃ ቀድታ አስቀመጠች። ማንም አልነካም።

"ብሉ እንጂ" አለ ታደሰ።

"እንበላለን" አሉ ኦቦ ደበላ። "መልሳችንን እንስማና እንበላለን። ሁለቴ ተመልሰናል። ዛሬ መልስ ሳናገኝ እህልም ውሃም አንቀምስም ብለን ተማምለን ነው የመጣነው።"

"በእኔ ቤት ደግሞ" አለ ባለቤቴ፣ "እንግዳ እህል ሳይቀምስ ስለ ልጅ አይወራም። አባቴም እንዲህ ነበር።"

"እንግዲህ እኛም ቃል አለን።"

"እኔም የቤቴ ወግ አለኝ።"

ታደሰ ምን እንደሚያደርግ ገብቶኛል። የአባቱን ወግ በእኛ ቤት ሲያከብር አይቼው አላውቅም። ሰዎቹ ተቆጥተው ቢነሡ እሱ እምቢ ሳይል ነገሩ ይቀራል፤ የሚፈልገውም ይህን ነው። አብረዋቸው ከመጡት አንደኛው ምርኩዙን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

ጓዳ ገባሁ። ሰላም የውሃውን ጆግ ደረቷ ላይ ታቅፋ ቆማለች። "እማዬ፣ ሊሄዱ ነው" አለችኝ።

እኔም ቆሜ አሰብኩ። ሁለቱም ወንዶች ቃላቸውን አያጥፉም። አንዱ ካልቀመሱ አልናገርም ይላል፣ ሌላው ካልተናገርክ አልቀምስም ይላል። በመሃል ማለፊያ ቀዳዳ ያለው ነገር ምንድን ነው? ጉርሻ! ጉርሻ ማዕድ አይባልም። የቤቱ እመቤት ቆማ በእጇ ስታጎርስ ደግሞ እምቢ የሚል ሽማግሌ የለም፤ ነውር ነው። ግን በእንጀራ ሽሮ ባጎርሳቸው ያው እህል ነው፣ ቃላቸው ይፈርሳል። እህልም የማይባል፣ ምሳም የማይባል፣ ለክብር ብቻ የሚቀመስ ነገር ያስፈልጋል።

ከቡፌው ውስጥ ያቺ ጠርሙስ ታየችኝ።

ከዚህ የሚበልጥ ትልቅ እንግዳ ከየት ይመጣል ብዬ ከቡፌው አወጣኋትና ጓዳ ይዣት ተመለስኩ። ክዳኑ ሲላቀቅ አንድ ሽታ ወጣ። የጠላ ጋን አፍ ላይ ያለውን ሽታ የመሰለ፣ ግን የበረታ። የፈረንጅ ነገር ሽታው አይታወቅም ብዬ አለፍኩት። ለመያዣ ያህል ብቻ ዳቦ ቆረስኩ። ያቺ ልጅ በቢላ ጫፍ ስትፍቅ ትዝ አለችኝና፣ ዛሬስ በእሷም ስም ላክብርበት ብዬ ማንኪያ አነሣሁ። ሞላ አድርጌ ጨለፍኩ። አንድ ማንኪያ አነሰኝ፣ ደገምኩ። ዳቦውን አጥፌ ሁለት ጉርሻ አዘጋጀሁ፤ አንድ ጉርሻ ብቻ አይሰጥማ።

አንድ ነገር ግን ሳላደርግ ቀረሁ። ጠላ እንኳ ስቀዳ በመዳፌ ጠብ አድርጌ ሳልቀምስ ለእንግዳ ሰጥቼ አላውቅም። እናቴ ያስተማረችኝ ነው። ያን ዕለት ጣቴ ላይ የቀረውን እንኳ አልላስኩም፤ በሽርጤ ጠረግኩት።

ወጥቼ ኦቦ ደበላ ፊት ቆምኩ። "ይህ ምሳ አይደለም። ከሩቅ አገር የመጣ የክብር ነገር ነው፤ የጾም ነው። በእኔ በእናትየዋ እጅ አንድ ጊዜ ይጉረሱልኝ" አልኳቸው።

ኦቦ ደበላ እኔን አዩ፣ ጉርሻውን አዩ። ጉርሻውም ቀላል አልነበረም፤ ለሠርግ የሚሆን ነው። ፈገግ አሉና ጎንበስ ብለው አፋቸውን ከፈቱ።

አንዴ አኘኩ። ከዚያ አፋቸው ቆመ።

ማኘኩን ረሱት መሰለኝ። ዓይናቸው እኔ ላይ እንዳለ ፈጠጠ። ቀስ ብለው እንደገና ጀመሩ። ግንባራቸው ላይ ያለው ጅማት ተነሣ። ውሃው ብርጭቆ ውስጥ፣ እጃቸው አጠገብ ነው፤ እጃቸው ግን ባርኔጣቸውን ጨብጦ ቀረ። ከዚያ ዓይናቸው ውሃ ሞላ፣ አንዱ ዘለላ በጉንጫቸው ወረደ። ዋጡ።

"ጋሪዳ" አሉ በስስ ድምፅ። ጥሩ ነው ማለታቸው ነው።

እኔ ደግሞ ልቤ ቀለጠ። ሽማግሌው በእናት እጅ መጉረሳቸው አስለቀሳቸው ብዬ ነው። ሁለተኛዋን ጉርሻ አነሣሁ። ኦቦ ደበላ ግን እጃቸውን ዘርግተው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና ወደ ባለቤቴ ዞሩ።

"አቶ ታደሰ፣ ይቺን ደግሞ እኔ ላጉርስዎት። ከአንድ እጅ እንቅመስ።"

ታደሰ ተያዘ። በአባት ዕድሜ ያለ ሰው ጎንበስ ብሎ ሲያጎርስ እንዴት እምቢ ይባላል? ጎረሰ።

ባለቤቴን በትዳር የኖርኩትን ያህል አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። እንዲያ ዓይነት ፊት ግን አይቼበት አላውቅም። መጀመሪያ ጆሮው ቀላ። ቀጥሎ ወደ እኔ አየ። ወደ ጠረጴዛው አየ። በመጨረሻ ወደ ኦቦ ደበላ ዞረና እዚያው ቀረ። የእሱም ዓይን ውሃ ሞላ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አፋቸው ሙሉ፣ ዓይን ለዓይን ተያይተው እንባ ያፈስሳሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ሰላም ከጓዳው መጋረጃ ብቅ ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

ታደሰ እንደምንም ዋጠ። ከዚያ ተነሣና የኦቦ ደበላን ብርጭቆ አንሥቶ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። እሳቸው ብርጭቆውን አዩ እንጂ አልተቀበሉም። መልስ አልተሰጠማ። ከንፈራቸውን በምላሳቸው አረጠቡ።

"ይጠጡ፣ አባቴ" አለ ባለቤቴ። "ልጅቷ የእናንተ ናት።"

ኦቦ ደበላ ብርጭቆውን ተቀብለው እስኪያልቅ አንድም ጊዜ ከአፋቸው ሳይነጥሉ ጠጡ። እኔ እልል አልኩ። ጎረቤት ሰማኝ፣ ተቀበለኝ። ሰላም ጆጉን እንደያዘች ቁጭ አለች።

ከዚያ ምሳ ተበላ፣ ተመረቀ፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተባለ። ሁለቱ ወንዶች ውሃውን ይጠጡታል። ሰላም ጆጉን ስትሞላ፣ እነሱ ሲጨርሱት። ከቡራዩ እስከዚህ ያለው አቧራ ነው አልኩ በልቤ። የባሌን ጥም ግን ምን እንደምለው አጣሁ።

እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ ወደ ጓዳ ገባሁ። ጠርሙሷ ክዳኗ ተከፍቶ ተቀምጣለች። በረከት ያለው ነገር ነው እያልኩ፣ የኤሚን ስም እየመረቅኩ፣ ማንኪያው ላይ የቀረውን ላስኩ።

ምን ብዬ ልንገራችሁ። ጨው ነው። ጨው ብቻ ቢሆን ደግሞ በተወደደ። የጠላ ድፍድፍ ከጨው ጋር ድስት ውስጥ ተረስቶ ሲያር፣ የድስቱን ቂጥ ፍቆ መብላት ማለት ነው። ወደ መታጠቢያው ሮጥኩ። አፌን ተጉመጥምጬ ቀና ስል ታደሰ የጓዳው በር ላይ ተደግፎ ቆሟል።

"አንቺም ቀመስሽው?" አለኝ።

መልስ ሳልሰጠው ሰላም ስልኳን ይዛ መጣች። ስሙን ከጠርሙሱ ላይ አይታ ስትፈልግ ኖሯል። "እማዬ፣ እርሾ ያለችን የቢራ እርሾ ነው። ቢራው ከተጠመቀ በኋላ ከሥር የሚቀረው" አለች።

"ከሥር የሚቀረው ምን?"

ሰላም አባቷን አየች። ታደሰ ነው የመለሰልኝ። "አተላ" አለ።

በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ። እኛ አገር አተላ ለማን እንደሚሰጥ ልንገራችሁ? ለከብት ነው። ልጄን ሊጠይቁ ለመጡ ሽማግሌ፣ ያውም በማንኪያ ሙሉ፣ ያውም የክብር ነገር ነው ብዬ፣ አተላ አጎረስኩ። ነገ ቡራዩ ምን ይባላል? የሙሽራዋ እናት ሰው ነው የምትቀበለው ወይስ ላም? ፊቴን በሽርጤ ሸፈንኩት። ከሐፍረቱ በላይ ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣብኝ።

"ታዴ፣ አንተ የፈቀድከው በእንባቸው አይደል? እንባቸው እኮ የደስታ አልነበረም። አሁን ስታውቅ ልታፈርሰው ነው?"

ሰላም ቀጥ ብላ ቆመች።

ታደሰ ገብቶ ከአጠገቤ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወው።

"ሲያለቅሱ እኔም ገርሞኝ ነበር። ሰው ለጎረቤት ልጅ እንዲህ ያለቅሳል እንዴ አልኩ። ያጎረሱኝን ስቀምስ ግን ሁሉም ገባኝ። ሰውዬው ይህን አፋቸው ውስጥ ይዘው አልተፉም። ቃል ስለሰጡ ውሃው እጃቸው ሥር ሆኖ አልነኩትም። አንቺን እንዳያሳፍሩሽ ፊታቸውን እንኳ አላጨማደዱም፤ ጥሩ ነው አሉሽ። ልጁ ደግሞ ልጃቸው አይደለም።"

ወደ ሰላም ቀና አለ።

"የመረራቸው ቀን ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆኑ አላውቅም ብዬ አልነበር? በዓይኔ አየሁት። እሳቸውን የመሰለ ሰው የሚልክ ቤት ልጄን አይጎዳም።"

ሰላም ያን ሁሉ ሳምንት ያፈነችውን ያን ጊዜ አለቀሰችው። እኔም አለቀስኩ፤ እኔ ግን አንዳንዱ ከጨውም ነበር።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተደረገ። ቶሌራ ዛሬም እየመጣ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ያጠጣል፤ አሁን ለወግ ነው። ሰላም ቡራዩ ደህና ናት። ስትደውልልኝ ሳቋን ብቻ አልሰማም፤ ዝም ስትልም አዳምጣለሁ፤ ዝምታዋ የድሮው ዓይነት አይደለም።

የኦቦ ደበላ ነገር ግን ሲከነክነኝ ኖረ። በቅርቡ፣ ጾም ባልሆነ ቀን፣ ሰላምንና ቶሌራን አስከትለው ሊጠይቁን መጡ። ታደሰ ቶሌራን ይዞ በሩን ሊያሳየው ወጣ ሲል ጠጋ አልኳቸው።

"አባቴ፣ ያን ዕለት ያጎረስኩዎትን ነገር ይቅር ይበሉኝ። እኔ አልቀመስኩትም ነበር።"

ኦቦ ደበላ ሳቁ። "እኔም አልቀመሱትም ብዬ ነበር" አሉኝ።

ታደሰ ስለ እሳቸው ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ ትዕግሥታቸው፣ ስለ ቃላቸው፣ ስለ ውሃው። በጣም ተደስተው ሰሙኝ፤ ከዚያ ወደ በሩ አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ለአቶ ታደሰ እንዳይነግሩብኝ። ውሃውንማ ልቀበላቸው ስል ነው እሳቸው ልጅቷን ሰጥተው የቀደሙኝ። ጉርሻውንም ያጎረስኳቸው በፍቅር አይደለም። ሁለተኛዋ ወደ እኔ ስትመጣ አየሁና፣ ብቻዬን ለምን እሞታለሁ አልኩ።"

እስካሁን ለታደሰ አልነገርኩትም። እሱ በዚያች ጉርሻ ላይ ትልቅ ነገር ገንብቶባታል፤ ልጄንም ሰጥቶባታል። አሁን መጥቼ ልንካበት?

ሊጠይቁን በመጡበት ዕለት ግን አንድ ነገር ማስተካከል ፈለግኩ። ጠርሙሷ አሁንም ቡፌው ውስጥ ናት፤ ከአንድ ቀን በቀር ማን ይነካታል? አወጣኋት። ዳቦ ቆረስኩ፣ ቅቤ ቀባሁ፣ ከዚያ በላይ ኤሚ እንደምታደርገው በቢላዋ ጫፍ ነክቼ ፈቅኩት። ቢላው ያለፈበት እስከማይታይ ድረስ። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ራሴ ቀመስኩ። ደህና ነው፤ ሰው ይበላዋል። ለእንግዳ እንዲህ ስፍቅ ግን እጄ አፈረ።

"አበላሉ እንዲህ ነው መሰለኝ። አምነው ይጎርሱልኛል?" አልኳቸው።

ኦቦ ደበላ ጥቁሩን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ማምለጫ እንደሚፈልጉ ወደ በሩ አዩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው ጎንበስ አሉና ጎረሱ። አኘኩ። እኔ ፊታቸውን አያለሁ።

"ዛሬም ጥሩ አይደለም" አሉኝ ከዋጡ በኋላ።

አፈርኩ። ሳህኑን ላነሣ ስል እጄን ያዝ አደረጉኝ።

"የት ይወስዱታል? አንድ ብቻ አይሆንም" አሉና እንደገና አፋቸውን ከፈቱ።